ሕዝብ ሆኜ የተሻገርኩበት ቀን

እኔ በሥራዬ ሕዝብ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ይሳቅ፤ ግን መታወቂያዬ ላይ «የሥራ ዓይነት» ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው ይኸው ነው፣ ማኅተምም አለው። በአገራችን ሰው ብዙ ነው። ሁሉንም መሸከም ስለማይቻል የቀደሙት ሰዎች መክረው ዘክረው «አንድ ሰው በሕዝብነት ይቀጠርና እሱን እንሸከመው» ብለው ወሰኑ። ማስታወቂያ ወጣ፣ ተመዘንኩ፣ አለፍኩ። ይኸው ሃያ አራት ዓመቴ።

ሥራው ያን ያህል የሚከብድ አይደለም። በየአራት ዓመቱ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው፣ ከመረጠው ምክትል ጋር ሆኖ እኔን በቃሬዛ ተሸክሞ ወንዙን ያሻግረኛል። እጩው ከፊት ይይዛል፣ ምክትሉ ከኋላ፣ እኔ መሀል ላይ በጀርባዬ እንጋለላለሁ። አንደኛው እጩ ወደ ማዶ ይወስደኛል፣ ሁለተኛው ይመልሰኛል። በደረስኩበት ዳር ላይ «ጠያቂ» የሚባለው ሹም መዝገቡን ገልጦ «ሕዝብ ሆይ፣ እንዴት ተሻገርክ?» ይለኛል። «ተሸክመው አሻገሩኝ» ካልኩ እጩው አለፈ። «ጣሉኝ» ካልኩ ወደቀ። ሁለቱም ካለፉ ዕጣ ይወጣል።

ሌላው ሰው ወደ ወንዙ አይጠጋም። ውሃ የምንቀዳው ከጉድጓድ ነው። ወንዙ በሬ ከነቀንበሩ ይውጣል ስለሚባል ከዳርቻው ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ገመድ ተወጥሯል፣ ወንዝ ጠባቂዎችም ዱላ ይዘው ይቆማሉ። በምርጫ ቀን ሰዉ ከገመዱ ኋላ ሆኖ፣ ተሸካሚዎቹ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ሲያልፉ እያየ ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ያጨበጭባል። እኔ ግን ውሃውን በወጉ አይቼው አላውቅም ነበር። የሥራ ደንቤ አንቀጽ ሦስት «ሕዝብ በቃሬዛ ላይ ሳለ ሰማይ ሰማዩን ያያል» ይላል።

አንድ ነገር ግን አያለሁ፤ የምክትሉን ፊት። ራሴ ወደ እጩው፣ እግሬ ወደ ምክትሉ ስለሆነ እጩው ጨርሶ አይታየኝም። ምክትሎቹን ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። እርምጃ የሚቆጥር ነበር። የእጩውን ማጅራት አፍጥጦ እያየ ምራቁን የሚውጥ ነበር። አንዱ እንዲያውም መሀል ወንዝ ላይ ሲያንቀላፋ ደርሼበታለሁ። ስለዚህ እጩዎች ምክትላቸውን ሲያስታውቁ ከኔ በላይ ጆሮውን የሚያቆም ሰው አልነበረም።

የዚያን ዓመት እጩዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው አቶ ጥጋቡ ነው። እሱ ምክትሉን ገና ድሮ መርጧል፤ ቁመታቸው እኩል፣ ኮታቸው አንድ ዓይነት፣ ሲስሉም አብረው ነው የሚስሉት። ሁለተኛው አቶ ደምለው ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲሄድ እግሩ እንደ ምርኩዝ ቀጥ ያለ ሰው። አንድ ጥያቄ ሲጠይቁት መልሱ ሁልጊዜ «አስቤበታለሁ» ነው፤ ምን እንዳሰበ ግን አይናገርም።

ማስታወቂያው የሚደረገው በአደባባይ ነው። ባዶ ቃሬዛ መሀል ላይ ይቀመጣል፤ እጩው የፊቱን እጀታ ይይዝና ስም ይጠራል፤ የተጠራው መጥቶ የኋላውን ያነሳል። አቶ ደምለው ጎንበስ ማለት ስላቃተው ሁለት ሰዎች የፊቱን እጀታ አንስተው አስያዙት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ወይዘሮ ትርንጎ» አለ።

ጆሮዬን አላመንኩም። አደባባዩም አላመነም። የአጨብጫቢዎች ማኅበር አባላት እጃቸውን ለማጨብጨብ ከፍተው እንደ ያዙ ቀሩ፤ ሊቀመንበራቸው ከኪሱ መመሪያውን አውጥቶ ያገላብጥ ጀመር። ከሕዝቡ መሀል አንዲት ሴት «የሳቀችዋ? ያቺ የሳቀችዋ?» ብላ ጮኸች። አዎ፣ ያቺው የሳቀችዋ። ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ መጣች፣ የኋላውን እጀታ ብድግ አደረገች፣ ሰዉንም እያየች ፈገግ አለች።

እዚህ ላይ ያለፈውን መናገር አለብኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ወይዘሮ ትርንጎ የሌላ እጩ ምክትል ነበረች። መሀል ወንዝ ላይ ስንደርስ ፊቷን አየሁት፤ ጉንጮቿ ተነፉ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ከንፈሯን ነከሰች። ምጥ የያዛት መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ሆዷን ለመያዝ እጀታውን ለቀቀችው። ወደቅኩ። ውሃው በአፌም በአፍንጫዬም ገባ፤ ሰማይና ምድሩ ተደበላለቀብኝ። ሰባት ወንዝ ጠባቂዎች ከዳር ሆነው በገመድ ጎትተው አወጡኝ፤ ሰባቱም ሜዳይ ተሸለሙ። እሷን አራት ጊዜ ለምን እንደ ሳቀች ጠየቋት፣ አራቱንም ጊዜ መልሳ ሳቀች። እጩዋ ወደቀ፤ እሷም ወደ ድሮ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ጠላቴ ሆነ። አልደብቅም፣ እፈራለሁ። ገላዬን የምታጠበው በኩባያ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከአልጋዬ አልወርድም። ባለፈው ምርጫ ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተሻገርኩት። ባለቤቴ ደብሪቱ ልብስ ለማጠብ ውሃ በገንዳ ስትሞላ «ኧረ አንቺ ሴት፣ ልትጨርሺኝ ነው?» እያልኩ የምጮህባት ነገር ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

እንግዲህ አገሩ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። ዋርካው ሥር የሚቀመጡ ትንታኔ ሻጮች አሉን፤ ጠዋት አንድ ትንታኔ ይሸጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ እሱን የሚያፈርስ ሌላ። የዚያን ዕለት ጠዋት «ድፍረት ነው» እያሉ ሸጡ። ከሰዓት «ድፍረት ይመስላል እንጂ እብደት ነው» አሉ። በማግስቱ «እብደት ይመስላል እንጂ ስልት ነው» አሉ። በሦስተኛው ቀን ትንታኔ አለቀባቸውና የመጀመሪያውን በአዲስ ወረቀት ጠቅልለው ሸጡት፤ እኔም ሳላውቅ ሁለቴ ገዛሁት።

የአቶ ጥጋቡ ሰዎች ደስታ ልክ አልነበረውም። ከበሮ ተከራይተው ሦስት ቀን ጨፈሩ፣ ለአቶ ደምለውም የምስጋና በግ ላኩለት። አቶ ደምለው በጉን ተቀብሎ «አስቤበታለሁ» አለ። የራሱ ሰዎች ደግሞ ከዘመቻው ለመልቀቅ ወረፋ ያዙ። ወረፋው ረጅም ስለነበር ጨዋታ ጀመሩ፣ ጨዋታው ደስ ሲላቸው መልቀቁን ረስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ገመድ ሻጩ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ጋሽ ሕዝቡ፣ ከቃሬዛው ጋር የሚታሰሩበት ጥሩ ገመድ አለኝ» አለኝ። ደብሪቱ በመጥረጊያ አባረረችው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሕዝቡ ነው የሚለኝ፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ የለም።

እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ሕዝብ አንድ መብት አለው፤ «እምቢታ» ይባላል። ከምርጫው በፊት «በእነዚህ ሰዎች ቃሬዛ ላይ አልተኛም» ካልኩ እጩው ያለ ምንም ክርክር ይሰረዛል። በዚህ መብት በሃያ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተጠቀምኩም። አሁን አገሩ በሙሉ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። እምቢ ብል የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ሕልም በኔ ፍርሃት ይቀበራል። እሺ ብል ደግሞ ያቺ ሴት መልሳ ትስቃለች፣ እኔም መልሼ ውሃ ውስጥ ነኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

ከአቶ ጥጋቡ ዘንድ «ደግ አሳቢ» የሚባለው ሹም መጣ። ሥራው ለሰው ደግ ደጉን ማሰብ ነው።

«ጋሽ ሕዝቡ፣ እኛ ለራሳችን ብለን አይደለም። ለእርስዎ ነው» አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እምቢ ቢሉ ማን ይፈርድብዎታል?»

«እናንተስ ብትጥሉኝ?»

«እኛማ ስቀን አናውቅም» አለ። እውነቱን ነው፤ ጥርሱን ያየ ሰው የለም።

ሲወጣ ደብሪቱ በሩን ዘግታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እምቢ በላቸው! ምን ቆርጦህ ነው የምትተኛው? አንዴ ጥላሃለች እኮ። እኔ ባል እንጂ ሜዳይ አልፈልግም።»

«ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። ከልቤ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት ወይዘሮ ትርንጎ ናት። ሃምሳ የሞላት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጉንጯ ቀላ ያለ ሴት። እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

«ደኅና አደሩ ጋሽ ሕዝቡ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ስምንት ዓመት ዘግይቻለሁ።»

«ይግቡ» አልኩ። ደብሪቱ በዓይኗ ገላመጠችኝ።

ተቀመጠች። እኔ ደፈር ብዬ «መቼም ዘንድሮ አይስቁም?» አልኳት።

«እሱን ቃል ልገባልዎት አልችልም» አለች። «ቦታው ሲደርስ ሳቄ ይመጣል። ምንም ማድረግ አልችልም።»

ደብሪቱ «ይኸው! በገዛ አፏ!» አለች።

«ግን አልለቅም» አለች ወይዘሮ ትርንጎ። «እሱን ተለማምጃለሁ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ያውቃሉ አይደል? ለድግስ ቤት የጠላ ጋን ማድረስ ነው፤ እኔና እህቴ በቃሬዛ ተሸክመን። ያን ጊዜ ከጣልኩዎት ወዲህ አንድም ጋን ሳልስቅ አድርሼ አላውቅም። ሰው እየቀጠርኩ ያስቀኛል። ካላመኑኝ ዛሬ የሠርግ ቤት የምናደርሰው ጋን አለ፤ ይምጡና ይዩ።»

ሄድን። ደብሪቱም ልትመሰክርብኝ ተከተለችን። ጋኑ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ክዳን የለውም። እህቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ዳገቱን ጀመሩ። ወይዘሮ ትርንጎ ዘወር ብላ «የዛሬ አስቂኝ እርስዎ ነዎት፣ ይጀምሩ» አለችኝ። በሕይወቴ ሰው አስቄ ስለማላውቅ ያገኘሁትን ማውራት ጀመርኩ።

የክብደት ቢሮውን ነገርኳት። በምርጫ ዓመት ክብደቴ ከተወሰነው እንዳይበልጥና እንዳያንስ በየወሩ ይመዝኑኛል። አንድ ጊዜ የመጣው መዛኝ በጣም ሰው አክባሪ ነበር፤ ሚዛኑ ላይ ስወጣ እንዳልወድቅ ብብቴን ይዞ ከፍ አድርጎ ደገፈኝ። ክብደቴ ግማሽ ሆኖ ተገኘ። «ሕዝቡ ከስቷል!» ተብሎ ስብሰባ ተጠራ፣ ቅቤ በቅል በቅል ይላክልኝ ጀመር። በሚቀጥለው ወር ያው ሰውዬ መጥቶ ያው ደገፈኝ፤ አሁንም ግማሽ። ሁለተኛ ቅቤ፣ ከሱ ጋር ጭኮ። እኔ ጫማዬን ማሰር እስኪያቅተኝ ድረስ ወፍሬ ሳለ ቢሮው ስለ ክሳቴ የሐዘን መግለጫ አወጣ።

ወይዘሮ ትርንጎ መሳቅ የጀመረችው «ጭኮ» ስል ነው። ሳቋ ዳገቱን ሞላው፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ «ይተዉኝ፣ ኧረ ይተዉኝ» ትላለች። ዓይኔን ጋኑ ላይ ተከልኩ። ወገቧ ይንቀጠቀጣል፣ ትከሻዋ ይነቃነቃል፣ ክንዷ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ሠርግ ቤት ደርሰን ጋኑ እስኪወርድ ድረስ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። የሙሽራው አባት ጠላውን ቀድቶ ለሁላችንም ሰጠን። ደብሪቱ አንድ ጣሳ ጠጣች፣ ሁለተኛ ጠጣች፣ ከዚያ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ «ይህቺ ሴትዮስ አትጥልህም» አለችኝ።

«እሺ፣ እተኛለሁ» አልኳት ለወይዘሮ ትርንጎ። «ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ያን ቀን ምን አይተው ነው የሳቁት?»

ፊቷ ወዲያው ተነፋ። «ተሸካሚ ሁሉ ስለ ወንዙ ምንም ላይናገር ይምላል። ምያለሁና ልነግርዎት አልችልም። እርስዎ ግን ዓይን አለዎት» አለች።

የምርጫው ቀን ብራ ነበር። ሰዉ ከገመዱ ኋላ ተኮልኩሏል፤ ደብሪቱ ከፊተኛው መስመር አለች። ጠያቂው መዝገቡን ይዞ፣ አቶ ጥጋቡና ምክትሉም እኔን ለመመለስ፣ በሩቁ ድልድይ ግማሽ ቀን ዞረው ማዶ ይጠብቁናል። ከገመዱ እስከ ወንዙ ዳር በእግሬ ሄድኩና ተኛሁ። ከሰማይ ሌላ ነገር የሚያዩ ሰዎች በዚያች ደቂቃ ምንኛ አስቀኑኝ! ሁለት ወንዝ ጠባቂዎች የፊቱን እጀታ አንስተው ለአቶ ደምለው አስያዙት፤ እሱ «አንድ፣ ሁለት» አለ፣ ከመሬት ተነሳሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ውሃ ውስጥ መግባታችንን በድምፁ አወቅኩ። ግን የሆነ ነገር ልክ አልመጣልኝም። ድሮ ቃሬዛው ወደ ታች ዝቅ ይልና ውሃው ጆሮዬ ሥር ይንቦጫረቃል፣ እኔም ወደላይ ወደታች እላለሁ። ዛሬ ከፍ እንዳልኩ ቀረሁ። ቀጥሎ ከገመዱ ኋላ «ኡኡ! ውሃው ሸሸላቸው! ወንዙ ሰገደላቸው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አጨብጫቢዎቹ ምን ያህል ማጨብጨብ እንዳለባቸው ስላላወቁ ዝም አሉ።

አንድ ዓይኔን ከፈትኩ። የወይዘሮ ትርንጎ ጉንጮች ተነፍተዋል።

«ኧረ በወለደችዎት!» አልኳት። «ኧረ ወይዘሮ ትርንጎ፣ እዚህ ጋ አይሁን!»

«አልለቅም። ወደ ጎን ይዩ።»

«አንቀጽ ሦስት ሰማይ ሰማዩን ነው የሚለው።»

«ይዩ እንጂ ጋሽ ሕዝቡ!»

አንገቴን አዘነበልኩ። መጀመሪያ ያየሁት ጠጠር ነው፤ ነጭ ጠጠር፣ ቡናማ ጠጠር፣ በመሀሉ የጣት የምታክል ዓሣ። ከዚያ የወይዘሮ ትርንጎን እግር አየሁ። ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ሸብ አድርጋዋለች፤ ውሃው የሚደርሰው ጉልበቷ ጋ ነው። ጉልበቷን እንኳ አልሸፈነውም።

«ደረት ይደርሳል አይደል እንዴ?» አልኩ፤ ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

«ቁጢጥ ብለው ነዋ የሚሄዱት!» አለችና ሳቋ አመለጣት። «እስከ ማዶ፣ ቁጢጥ እንዳሉ! ወንዙ ከጎደለ ስንት ዘመኑ። ያን ጊዜ የኔው ሰውዬ ቁጢጥ ብሎ ሲድህ የኮቱ ጫፍ ከኋላው ይንሳፈፋል፣ ዞር እያለ 'ዝቅ በይ! ዝቅ በይ፣ ያዩናል!' ይለኛል። ታዲያ ምን ላድርግ?» ሳቀች፤ ክንዷ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከራሴ በኩል፣ ከቃሬዛው ላይ የማይታየኝ እጩ ድምፅ መጣ። «እኔ ጉልበቴ አይታጠፍም» አለ አቶ ደምለው። «ወጌሻውም ሐኪሙም አልቻሉትም። ቀድሞ የተሸከሙ ስምንት ሰዎችን ምክትል ሁኑኝ ብዬ ጠይቄ ነበር። ስምንቱም ቁጢጥ ካላልክ አይሆንም አሉኝ። ቆመን እንሂድ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ያ ሁሉ ድፍረት፣ ያ ሁሉ ስልት፣ ያ ሁለቴ የገዛሁት ትንታኔ፣ ለካ ጉልበት ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ደሜ ፈላ። ስምንት ዓመት በኩባያ የታጠብኩት፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ብርድ ልብስ ውስጥ የገባሁት፣ በዚያች ምስኪን ሚስቴ ላይ የጮህኩት፣ ሕፃን ልጅ ለሚንቦጫረቅበት ውሃ ነው? ማንን እንደምሰድብ ስፈልግ ስፈልግ የኮቱ ጫፍ ታወሰኝና ከሆዴ የሆነ ነገር ገንፍሎ መጣ። ሳቅኩ። ተንጋልዬ፣ ሰማዩ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ቃሬዛው እስኪንቀጠቀጥ ሳቅኩ።

«አውርዱኝ» አልኩ።

ሁለቱም ቆሙ። አቶ ደምለው «ከረጠቡ ጣሉት ይባላል። ወደቅሁ ማለት ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ከፊቱ ሠላሳ እርምጃ ብቻ ነበር የቀረው፣ ፕሬዚዳንትነቱም እዚያው ማዶ ቆሞ ይታየዋል። እኔም ልጨክንበት አልቻልኩም፤ ይውሰደኝ ብዬ መልሼ ልተኛ ነበር።

«ለነገሩ ክንዴም ዝሏል» አለ በመጨረሻ። «ያውርዷቸው፣ ወይዘሮ ትርንጎ።»

እግሬ ጠጠሩን ነካ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ጣቶቼ መሀል ይሮጣል፣ ይኮረኩራል። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከገመዱ ኋላ ወዳለው ሰው ዞርኩ። እጄን ዘርግቼ አውለበለብኩላቸው፤ ከዚያ ቃሬዛውን ከጎን ያዝ አደረግኩና ሦስታችን ወደ ማዶው ሄድን።

ጠያቂው መዝገቡን ገልጦ ይጠብቀኝ ነበር። እግሬን አየ፣ ሱሪዬን አየ፣ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

«ሕዝብ ሆይ፣ እንዴት ተሻገርክ?»

«በእግሬ።»

«መዝገቡ ላይ ያለው 'ተሸክመው አሻገሩኝ' ነው፣ 'ጣሉኝ' ነው። ከሁለቱ አንዱን በል።»

«አልጣሉኝም። አልተሸከሙኝምም። አብረን መጣን።»

ጠያቂው መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ገለጠ፣ ላቡን ጠረገ፣ ከዚያ በሕዳጉ ላይ በትንሹ «አብረው መጡ» ብሎ ጻፈ።

አቶ ጥጋቡና ምክትሉ ቃሬዛቸውን ዘርግተው «ይተኙ» አሉኝ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ።

«እኔስ መሄዴ ነው። ብትፈልጉ አብረን እንሂድ» አልኳቸው።

«ታዲያ እኛ ምን እንሸከም?» አለ አቶ ጥጋቡ። ከልቡ ነው የጠየቀው፤ አዘንኩለት።

ትተናቸው ወደ ውሃው ስንመለስ ገመዱ ተበጥሷል። ሰዉ እየጮኸ፣ እየሳቀ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ይወርዳል። ወንዝ ጠባቂዎቹ በዱላቸው ጥልቀቱን እየለኩ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ አንዱ ሜዳዩን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሸብ አደረጉ፣ ሽማግሌዎች ሱሪያቸውን ጠቀለሉ፤ አጨብጫቢዎቹ እጃቸውን ውሃው ላይ ያጨበጭቡ ጀመር፣ ዙሪያቸውን ሁሉ አራሱት። ትንታኔ ሻጮቹ ዳር ቆመው «ጥልቅ ይመስላል እንጂ» ብለው ጀመሩ፤ የሚገዛቸው አጥተው እነሱም ገቡ።

በዚህ መሀል አቶ ጥጋቡና ምክትሉ መጡ። ባዶውን ቃሬዛ ከፍ አድርገው ተሸክመዋል፤ ቁጢጥ ብለዋል፤ ውሃው እስከ ደረታቸው ነው። ፊታቸው እንደ ኮስተረ፣ እኩል እየተራመዱ፣ በቆሙት ሰዎች እግር መሀል ያልፋሉ። አንዲት አሮጊት አንጀቷን በሏት መሰል ጎንበስ ብላ «ልጆቼ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው? እንፈልግላችሁ» አለቻቸው። እነሱ ግን ዳር እስኪደርሱ አልተነሱም። በማግስቱ ውጤቱ ሲነበብ በነሱ መስመር ላይ የሰፈረው «ባዶ ቃሬዛ» የሚል ስለነበር፣ «አብረው መጡ» ከሱ ይሻላል ተብሎ አቶ ደምለውና ወይዘሮ ትርንጎ ተመረጡ።

ያን ቀን ግን ውጤቱን የጠየቀ ሰው አላየሁም። እኔ መሀል ወንዝ ላይ ቁጭ ብዬ ውሃውን በሁለት እጄ ራሴ ላይ ሳፈስ ጠያቂው ካባውን እስከ ወገቡ ሰብስቦ፣ እንደ ሽመላ እየተራመደ መጣና ወረቀት ሰጠኝ። አንብቤ እንደ ጨረስኩ ደብሪቱ ከወዲያኛው ዳር ደረሰች። ነጠላዋ ርሷል፣ ፀጉሯ ተፈትቷል፤ ከተጋባን ወዲህ እንደዚህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

«ውሃ ውስጥ ተቀምጠሃል እኮ!» አለችኝ።

«ተቀምጫለሁ።»

«የያዝከው ምንድን ነው?»

«የስንብት ደብዳቤ። በሥራ ሰዓት ቆሞ በመገኘትህ ከዛሬ ጀምሮ ሕዝብ አይደለህም ይላል።»

ደብሪቱ ቀና ብላ ዙሪያዋን ተመለከተች። ከዳር እስከ ዳር ውሃው አይታይም ነበር፤ ሰው ብቻ ነው።

«ታዲያ እነዚህ ሁሉ ምንድን ናቸው?» አለችኝ።